ነጻ ከሆነ ካርድ ምን ይሠራል?

ቁልፍ ሠሪው ሰው አያምንም ነበር። ይህንን ጠባዩን ደግሞ እንደ ሙያ እንጂ እንደ ነውር አይቆጥረውም። «ሰው ሁሉ ቢተማመን እኔ ምን በልቼ አድራለሁ?» ይላል፣ ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ደንበኛ ሲያጫውተው። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። በአንድ በኩል የመቅረጫ ማሽኑ፣ በሌላው በኩል ከወገብ እስከ ጣሪያ የተንጠለጠሉ ያልተቀረጹ ቁልፎች አሉ። የቤት ቁልፍ ይዞ የመጣን ሰው ቤቱ የራሱ መሆኑን፣ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ስንት ሰው እንደሚኖርበት ሳይጠይቅ ማሽኑን አያስነሳም። ሰፈሩ «ጋሽ ቁልፌ» ይለዋል።

ነገሩ የተጀመረው የሱቁ ሬዲዮ የተቃጠለ ሰሞን ነው። የማሽኑን ጩኸት ብቻ ሲሰማ መዋል ራሱን አዞረው። ከጎኑ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወሬ የማይሰለቸው ጎረቤቱ መላ አመጣለት።

«ሬዲዮ ምን ያደርግልሃል ጋሽ ቁልፌ? ስልክህ ላይ የሙዚቃ መተግበሪያ ልጫንልህ። የፈለግከውን ዘፈን በፈለግክበት ሰዓት ትሰማለህ። የመጀመሪያው ወር በነጻ ነው።»

«በነጻ?»

«በነጻ። የባንክ ካርድህን ቁጥር ብቻ ታስገባለህ።»

ቁልፍ ሠሪው ሞረዱን አስቀመጠ። «ነጻ ከሆነ ካርድ ምን ይሠራል?»

«ያው... ወሩ ሲያልቅ ከፈለግክ እንድትቀጥል ነው።»

«ካልፈለግኩስ?»

«ቀኑ ሳይደርስ ታቋርጠዋለህ።»

«ብረሳስ?»

«ከካርድህ ይቆርጣሉ።»

«አየህ! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!»

ይህን ይበል እንጂ ዘፈን ናፍቆታል። ጎረቤቱ ዞር እስኪል ጠብቆ፣ ስልኩን በመዳፉ ከልሎ፣ ቁጥሩን ራሱ አስገባ። ከዚያም የሱቁ በር ጀርባ ላይ ነጻው ወር የሚያልቅበትን ቀን በጠመኔ ጻፈ። ሐሙስ ነው። ቀደም ብሎ ቢያቋርጠው እንደሚሻል ጎረቤቱ ቢመክረውም አልሰማውም። «የሰጡኝን ቀን አንዲት ሳትቀር እጠቀማታለሁ። በመጨረሻዋ ቀን፣ ሥራ ሲበርድ፣ ሁለት ምስክር ባለበት አቋርጣለሁ» አለ።

ሦስት ሳምንት በሰላም አለፈ። አንድ ማክሰኞ ግን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ የዛገ ጓጉንቸር ፈቶ ሲያጸዳ፣ ስልኩ የሚያሰማውን ዘፈን ከመሃል ቆረጠው። ብድግ አድርጎ ሲያየው «መለያዎ በሌላ ስልክ ላይ በመደመጥ ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጥቶበታል።

በዘይት በተጨማለቀ እጁ ስልኩን እንደያዘ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዘው አለ።

«ካርዴን ሰረቅከኝ አይደል?»

«እኔ?» አለ ጎረቤቱ፣ ግማሽ ክንዱን ማሽኑ ሆድ ውስጥ እንደከተተ። «ይሄ ማሽን ወረቀት ነክሶብኝ ከጠዋት ጀምሮ ስታገል አታይም? ስልኬ ያውና፣ ፈትሸው!»

ፈተሸው። ምንም የለም። ጎረቤቱ እጁን ጠራርጎ ጉዳዩን ተመለከተና እንዲህ አለ፦ «ጋሽ ቁልፌ፣ ይሄ የሌባ ሥራ አይመስልም። መለያህ ያለበት ሌላ ስልክ የለህም? ያ መስታወቱ የተሰነጠቀው የድሮ ስልክህስ?»

የድሮው ስልክ ቤት ነው ያለው፤ በቁም ሣጥኑ ታችኛ መሳቢያ፣ ከማይሠሩ ገመዶች ጋር። ቁልፍ ሠሪው ያን ዕለት በጊዜ ዘግቶ ገባ። መሳቢያውን ሳበ። ገመዶቹ አሉ፤ ስልኩ የለም።

«ምን ጠፋብህ?» አለች ሚስቱ ከበስተኋላው።

«ገመድ» አለ።

አልጠየቃትም። ጥሩ ቁልፍ ሠሪ በር አይሰብርም፤ ጆሮውን ደቅኖ የውስጡን ቀጭ ቀጭ ያዳምጣል እንጂ።

በማግስቱ ጎረቤቱ የተደመጡት ዘፈኖች ዝርዝር የሚታይበትን ገጽ አሳየው። ቁልፍ ሠሪው ገጹን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አመላለሰው። እሱ የማያውቀው አንድ ዘፈን ብቻ ነው ያለው። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት። አንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ፣ ሌላ ቀን አሥራ አራት ጊዜ ተደምጧል። የድሮ ዘፈን ነው። ቢከፍተው ጎርናና ድምፅ ያለው ወንድ እንዲህ ይላል፦

ማዶ ነው ቤቷ፣ ማዶ ነው በሩ፣
ድልድይ የለውም፣ ወንዙ ነው ድንበሩ፤
ዋኝቼ ልምጣ ወይ ልጥራሽ ከዳር፣
አልቻልኩም እኔ ሳላይሽ ማደር።

«ሳላይሽ ማደር!» አለ ቁልፍ ሠሪው ብቻውን። ዘፈኑ ከልጅነቱ በጆሮው ሽው ያለበት መሰለው፤ ቁጣው ግን ለማስታወስ ጊዜ አልሰጠውም።

ሚስቱ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ስልጠና አለብኝ ካለችው ሁለት ወር ሆኗታል። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን ዋሽታው አታውቅም፤ ወይም ዋሽታው አላወቀም። አሁን ዓይኑ ተከፈተና የቤቱን ነገር ሁሉ እንደ ባዳ ያይ ጀመር። ስድስት ከነበሩት መሃረቦቹ አራት ናቸው። ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ፣ መነጽሬን አቀብለኝ ባለችው ጊዜ፣ አዲስ የጺም መላጫ አየ። እሱ ጺሙን ከላጨ ዓመት አልፎታል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሱ እየጠረጠረም መመንጠሩ ነው ያንገበገበው።

ሆዱን ያባሰው ሌላም ነገር ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ እናቱ በሞተች በአርባኛው ቀን፣ የሟቿ የዕቃ ሣጥን ሲከፈት ቀለበቷና የአንገት ሐብሏ አልተገኙም። ሣጥኑ አልተሰበረም፤ ቁልፉም አልተነካም። አባትየው፣ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ቁጡ ሰው፣ በዘመድ አዝማዱ ፊት እንዲህ አለ፦ «በዚህ ቤት ያለ ቁልፍ መክፈት የሚችል አንድ ሰው ነው።» ሁሉም ወደ ቁልፍ ሠሪው ዞረ። እሱም አንድ ቃል ሳይመልስ ወጣ፤ ወደዚያ ቤትም አልተመለሰም። ከሰባት ወር በፊት ታላቅ እህቱ ደውላ «አባባን ስትሮክ መታው፤ አፉ ተያዘ» ስትለው፣ «እግዜር ይማረው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሚስቱንም «የዚያን ሰው ስም እዚህ ቤት እንዳታነሺ» አላት። እሷም አላነሳችም።

የተቆረጠችው ሐሙስ ደረሰች። ጠዋት ጫማውን እያሰረ፦

«ዛሬም ስልጠና አለ?» አላት።

«አለ።»

«ይሄ ስልጠና አያልቅም እንዴ?»

«ለውጥ እያሳየ እኮ ነው» አለች፣ ፊቷ ፈካ ብሎ።

«ማን ነው ለውጥ የሚያሳየው?»

ሚስትየው ሻርፗን ከፍታ እንደገና አሰረችው። «ስልጠናው ነዋ።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከሱቁ ሆኖ ክሊኒክ ደወለ። ስልክ ያነሳችው ሴት ያለ ምንም ክፋት ነገረችው። ስልጠና የሚባል ነገር ከሦስት ወር ወዲህ የለም፤ ነርሷ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ነው የምትገባው። አመስግኖ ዘጋ። ወዲያው የአንዲት ደንበኛ ቁልፍ ጥርሱን አበላሸ። «ነገ ይምጡ» ብሎ ሸኛት።

ልክ አራት ሰዓት ሲል ያ ጽሑፍ ስልኩ ላይ ብቅ አለ። በሌላ ስልክ ላይ በመደመጥ ላይ ነው። ዘፈኑ ያው ነው።

ሁለት ምስክር የሚል ሐሳብ ትዝም አላለው። ማቋረጫውን ፈለገ። ያች ነገር ግን በዋዛ የምትገኝ አይደለችም። አንዱን ገጽ ሲከፍት ሌላ ይወጣል፣ «ሊለዩን ነው? ምን አስቀየምንዎት?» ይለዋል። «ሦስት ወር በግማሽ ዋጋ ብናደርግልዎስ?» ይለዋል። ደግሞ ለምን እንደሚያቋርጥ ምክንያቱን ከአምስት ነገሮች እንዲመርጥ ጠየቀው። ሚስቴ ከሰው ጋር እየሰማችበት ነው የሚል ምርጫ አልነበረም። ከሁሉ በታች በደቃቅ ፊደል «ካቋረጡ አገልግሎቱ ወዲያውኑ ይቆማል» ይላል። ሌላ ሰው ይህን ቢያነብ እስከ ማታ ይቆይ ነበር። ለእሱ ግን ይህቺ ደቃቅ መስመር ፍትሕ ሆና ታየችው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

«ይቁምባችሁ!» ብሎ ተጫነው።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«አንተ ነህ ያቋረጥከው?»

«አዎ እኔ ነኝ! ካርዱ የኔ፣ ስልኩ የኔ! አንቺ ከማን ጋር ነሽ?»

ከበስተኋላዋ ድምፅ ተሰማው፤ የወንድ ድምፅ። «ማ... ማ... ማ...» ይላል፣ የሆነ ነገር እንደታነቀ ሰው። ከዚያ እንጨት በጡጫ ሲመታ።

«ያ ማነው?» አለ ቁልፍ ሠሪው።

«አባትህ ነው።»

«አትዋሺኝ!»

«ሁለት ወር ዋሽቼሃለሁ። አሁን ግን አልዋሸሁህም። ስሙን አታንሺ ስላልከኝ አላነሳሁም፤ ሰውየውን ግን ጥዬ መተኛት አልቻልኩም። ከፈለግክ ና። ካልፈለግክ እዚያው ሱቅህን ጠብቅ።» ዘጋችበት።

ሱቁን ቆልፎ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ ግን አእምሮው አላረፈለትም። ሊያስታርቁኝ መክረውብኝ ይሆን? ሽማግሌው አፉ ተያዘ የተባለው እውነት ነው ወይስ የሚያዝንለት ፈልጎ? ዘፈንስ ምን አገናኘው? የአባቱ ግቢ በር ላይ ሲደርስ መቆለፊያውን አየ። ራሱ የገጠመው ነው፤ አልቀየሩትም። ሌባ ነው ያሉት ሰው የሠራውን ቁልፍ ለምን አልቀየሩትም?

በሩን የከፈተችው ታላቅ እህቱ ናት። በሩን ሙሉ በሙሉ ሳትከፍት ተሸጉጣ ቆመች፤ ዓይኗንም ከእሱ ዓይን አሸሸች።

«እትዬ፣ ልግባ ወይስ ትፈትሺኛለሽ?»

ዞር አለችለት።

አባትየው መስኮቱ ሥር ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ነው። ያ ሁለት በር የሚሞላ ሰውዬ ትከሻው ወርዷል። የአፉ አንድ ጎን ተንጋዷል፤ አገጩ ሥር መሃረብ ተደርጎለታል፤ የቁልፍ ሠሪው መሃረብ። ጉንጩ ተላጭቶ ለስልሷል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጣለች። በግራው ግን የወንበሩን ክንድ ይደበድባል፣ «ማ... ማ...» ይላል። ልጁን ሲያይ ድብደባውን አቆመ፤ ዓይኑ ጠበበ።

ሚስትየው የተሰነጠቀውን ስልክ ይዛ ተንበርክካለች። «የንግግር ባለሙያዋ ናት የመከረችን» አለች፣ ወደ ባሏ ሳትዞር። «ንግግር የሚያወጣው የጭንቅላቱ ክፍል ነው የተጎዳው። ዘፈን የሚይዘው ግን ሌላው ነው። ሊናገረው ያቃተውን ቃል ሊዘፍነው ይችላል አለችን። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳይወጣው ቆይቶ፣ ይህን ዘፈን ስንከፍትለት ‹ማዶ› አለ። በአውቶቡሱ ዘመን በካሴት ይሰማው የነበረ ነው። አሁን ውሃ ሲጠማው ‹ወንዙ› ይላል፤ ብርድ ሲገባ ‹በሩ› ይላል። ዛሬ መሃል ላይ ሲቋረጥበት ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።»

ቁልፍ ሠሪው ስልኩን አውጥቶ መልሶ ሊከፍተው ሞከረ። «ነጻ ጊዜዎን ተጠቅመዋል» አለው። ሊከፍል ካርዱን አስገባ፤ የመጠበቂያዋ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አትጨርስም። ያን ሁሉ ሊለዩን ነው ወይ ሲለው የነበረ ነገር፣ አሁን ገንዘቡን ይዞ ሲለምነው አላውቅህም አለው።

አባትየው ድብደባውን ጀመረ። «ማ... ማ...» ፊቱ ቀልቷል። ከዓይኑ ዳር እንባ ወረደ፤ የሐዘን ሳይሆን የንዴት።

ቁልፍ ሠሪው ዘፍኖ አያውቅም። ግን ስምንት ቀን ሙሉ ያን ዘፈን እንደ ክስ ወረቀት ሲመረምረው ስለከረመ ቃሉም ዜማውም ልቡ ውስጥ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ የመቅረጫ ማሽኑን ይመስላል።

«ማዶ ነው ቤቷ...»

እህትየው በመዳፏ አፏን ያዘች። ሽማግሌው እጁን አየር ላይ አቆመው። ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ በድሮ ጊዜ ትኬት ሳይቆርጥ የገባን ተሳፋሪ እንደሚያየው። ቁልፍ ሠሪው ፈራ፤ ሆኖም ቀጠለ። «ማዶ ነው በሩ... ድልድይ የለውም...» ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ የተንጋደደው አፍ ተከፈተ፣ «ድንበሩ» አለ። ጥርት ያለ፣ ዜማውን የጠበቀ ድምፅ ነበር። ሦስት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ሽማግሌው ደክሞት ተኛ።

ክፍያው ማታውን ገባ። ጎረቤቱ ይህን ሲሰማ «ሸወዱህ አይደል ጋሽ ቁልፌ!» ብሎ ሳቀበት፤ እሱም «ሸወዱኝ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ሠሪው ማክሰኞና ሐሙስ ሱቁን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይዘጋ ጀመር። መጥቶ ይዘፍናል፣ ውሃ ያቀብላል፣ ይሄዳል። እህቱ ግን ዓይን ለዓይን አታየውም። ወደ ጓዳ ብቅ ባለ ቁጥር ተከትላው ትገባለች፤ አንድ ነገር ልትል አስባ ሳትል ትወጣለች። አሁንም ትጠብቀኛለች፣ የማነሳውን ትቆጥራለች ብሎ ያስባል።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ሐሙስ፣ ዘፈኑን እንደጨረሱ፣ ሽማግሌው አፉን አሞጠሞጠ። ልጁ፣ ምራቱና ሴት ልጁ ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ያለ ዜማ ሊናገር ሲታገል የመጀመሪያው ነው።

«ሌ...» አለ። «ሌ... ባ።»

«ሌባ» አለ እንደገና፣ ልጁን ትክ ብሎ እያየ።

ቁልፍ ሠሪው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ተነሣ። «ይኸው ነው» አለ ለሚስቱ። «በዘፈን ያስተማርነው አፍ የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነው። እንሂድ።» ኮቱን አንስቶ ሲዞር ግን የሆነ ነገር ወደ ኋላ ሳበው። ሽማግሌው በግራ እጁ የኮቱን ጫፍ ጨብጧል። ራሱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይነቀንቃል። «ሌባ» ይላል፣ ይነቀንቃል። «ሌባ»፣ ይነቀንቃል። ላብ አጥምቆታል።

«አይደለህም ነው የሚልህ» አለች ሚስትየው በሹክሹክታ። «‹አይደለህም› የሚለው ቃል አልወጣ ብሎት ነው።»

«በምን አውቃለሁ?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች እህትየው። በሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች። «ቀለበቱንና ሐብሉን እማማ ራሷ ናት ያወጣችው። ለአክስታችን ሕክምና ሸጣ ሰጥታ፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብላታለች። አምና የአክስታችን ልጅ ነገረችን። አባባ ሦስት ቀን አልተናገረም። በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ ነው፣ ‹ልጁን ጥሪልኝ› አለኝ። እኔ ግን... ሰኞ እደውላለሁ ብዬ አቆየሁት። እሁድ ወደቀ።»

«ስትሮክ መታው ብለሽ ስትደውዪ ለምን ይህን አልነገርሽኝም?»

«ዘጋህብኝ።»

«ሰባት ሳምንት እዚህ ስመላለስስ?»

እህትየው ወለሉን አየች። «በእማማ አርባ ቀን፣ አባባ በሰው ፊት ከመናገሩ በፊት፣ ያንተን ስም ጆሮው ላይ ያንሾካሾክኩለት እኔ ነኝ። በምን አፌ ልንገርህ?»

ቁልፍ ሠሪው ኮቱን ከአባቱ ጣቶች ሳያላቅቅ ቆመ። እውነት መሆኑን ፊቷ ይናገራል፤ ልቡ ግን የአራት ዓመት ልማዱን በአንዴ አልተው አለ። ሰባት ሳምንት ተዘጋጅታበት ይሆን? ሽማግሌው በሰላም እንዲያርፍ የፈጠረችው ይሆን? አባቱን አየ። ሽማግሌው ዓይኑን እህትየው ላይ ተክሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ አሁን ግን ወደ ላይና ወደ ታች ነው።

ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። የኮቱን ጫፍ አልነጠቀውም። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ።

«ያን ቀን እዚህ ቤት ስንት ሰው ነበር?»

«እኔ እንጃ... አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት።»

«የሁሉንም ስልክ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ደውዪ።»

«እደውላለሁ፤ ዛሬ ማታ...»

«ማታ አይደለም፤ ሰኞም አይደለም። አሁን፣ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ።»

እህትየው ሚስቱን አየች፤ ሚስትየው አንገቷን ዝቅ አደረገች። አባቷን አየች። ከዚያ ስልኳን ከሹራቧ ኪስ አወጣች። ቁልፍ ሠሪው ማን ጋ እንደምትደውል ለማየት ጎንበስ አለ፤ ታላቅ አጎታቸው ጋ ነው፣ የቤተሰቡ ወሬ ሁሉ ከእሱ ነው የሚወጣው። ስልኩ አራት ጊዜ ጠራ።

«ሃሎ?» አለ የአጎታቸው ወፍራም ድምፅ።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ» አለች እህትየው። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ስልኩን በወንድሟና በአባቷ መካከል ያዘችው። «ስለ እማማ ቀለበት ልነግርህ ነው። አረፍ ብለህ ስማኝ።»